ውሻው ቃል እስኪመርጥ

ድሮ አይደለም፤ በቅርቡ ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ያሉ እንስሳት ላህ ወንዝ ዳር፣ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። አቤት ባይዋ እመት አህያ ነበረች። የቡሬን በርበሬ ስታመላልስ ጀርባዋ ተልጧል፤ ያመጣት ግን ሌላ ቁስል ነው። «ሰነፍ ተማሪ ሁሉ አህያ ይባላል። እኔ ፊደል ቆጥሬ ወድቄያለሁ?» አለች።

እውነቷን ነበር። ጉባኤው አለቀሰ።

ዕድሜ የጠገበው ኤሊ ቀና ብሎ፣ «አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር» አለ። ተጨበጨበ። አህያ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ባለ ጭነት» ተባለች። ጭነቷ አንድ ቁና እንኳ አልቀነሰም፤ እሱ አጀንዳ አልነበረም።

ሕጉን የጻፈችው ጦጣ ናት። ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት አጠገብ ዛፍ ላይ ስለምትውል የሰዎቹን የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012ን፣ ሰምታለች። የሰዎቹ አዋጅ የጥላቻ ንግግር የቱ እንደሆነ ለመተርጎም ይደክማል። የእሷ አጭር ነው፦ ቅር ያለው ካለ፣ ስድብ ነው።

በማግስቱ አያ ጅቦ ተነሣ። «አያ» መባሉ አልበቃውም። «ሆዳሙን ሁሉ ጅብ እያላችሁ በስሜ ትሰድቡታላችሁ። ቅር ብሎኛል።» ኤሊው፣ «ያኔ አዋጁ የወጣው ለሚሠራው ነው፤ ለሚበላው አይደለም» ቢል «የድሮ ሥርዓት ናፋቂ» ተብሎ ተመዘገበ። ይህኛው ስድብ በሕጉ አልተከለከለም ኖሯል። ሌሎቹ ተያዩ። ተቃውሞ ተሳዳቢ መባልን ማን ይሻል? ሁሉም እግሩን አነሣ፤ ጅብም «የሌሊት ተጓዥ ወንድማችን» ሆነ። ባለ ጭነትም አብራ አነሣች።

ጨለማው ድፍን ባለበት አንድ ሌሊት ውሻው ሽታ ደረሰው። «ጅብ መጣ!» ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተና ሕጉ ትዝ አለው። «የተከበሩ የሌሊት ተጓዥ...» ብሎ ጀመረ፤ «የተከበሩ» ማለት ማሽቃበጥ ይሆን ብሎ ተወው። «ወንድማችን ወደ በረቱ በመቅረብ...» ብሎ ቀጠለ፤ «መቅረብ» የሚለው ጥርጣሬ ይመስላል ብሎ አረመው። ዓረፍተ ነገሩ ሲያምርለት ጮኸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እያሉ የሚያሙት እንዲህ ደክሞ ነው።

ጠዋት መግለጫ ወጣ፦ «በባለ ጭነትና በሌሊት ተጓዥ ወንድማችን መካከል በተፈጠረ አለመግባባት ጉዳት ደርሷል።»

ከዚያ ወዲህ በቡሬ ገበያ ቅኔ በዛ። አገሩ የቅኔ አገር ነውና ሰምና ወርቅ አይቸግርም፤ ችግሩ ወርቁን ከአፈር የሚለይ ጠፋ። አንዱ «ዘንድሮ ሌሊቱ ረዘመ» ሲል ሌላው ስለ ክረምቱ መስሎት «ለበቆሎው ጥሩ ነው» ይለዋል። የሚያውቅ ዝም ይላል፤ የማያውቅ ይስቃል።

ለቅሶው ላይ አያ ጅቦ መጣ። በማያውቁት አገር ሄዶ ሳይሆን በሚያውቁት አገር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። ተነጠፈለት። እስከዚህ ሁሉም በሥርዓት ነበር። የሟች ውርንጭላ ግን ገና ስብሰባ አልለመደም፤ ሰዉ መሀል ቆሞ፣ «እናቴን የበላት ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ጦጣ ብዕሯን አነሣች። አያ ጅቦ ከቁርበቱ ላይ ሳይነሣ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ቅር ብሎኛል» አለ።