ካርታ የሌለው ቡና እንዳይፈላ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ በተመነጠረ ደን ላይ የበቀለ ቡናና መሰል ምርት ገበያው እንዳይገባ የከለከለ በመሆኑ፤ የካፋና የያዩ ገበሬ ከዘር ማንዘሩ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ቡና ሲያለማ የኖረ፣ ጫካውንም ያቆየው ይኸው ቡና ሆኖ ሳለ፣ በሕግ የአስመጪው የሆነው የማስረዳት ግዴታ እየተንከባለለ ከገበሬው ደጃፍ የሚደርስ በመሆኑ፤ ይህንንም ሸክም የንፋስ ስልክ ላፍቶ ጠጪ ከስኒው ጋር እንዲቀምሰው በማስፈለጉ፣ የክፍለ ከተማው ቡና አጣጪዎች የሚከተለውን አውጀዋል።

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የአቦል፣ የቶናና የበረካ መገኛ ማረጋገጫ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «መገኛ ነጥብ» ማለት የማሳን ኬክሮስና ኬንትሮስ ከነጥብ በኋላ በስድስት አሃዝ የሚገልጽ፣ በሳተላይት የሚለካ ቁጥር ሲሆን፣ ስድስተኛው አሃዝ ግማሽ ስንዝር ያህል ርቀት ስለሚለይ ገበሬው የቆመበትን እግር ቀኝ ይሁን ግራ ለማወቅ ያስችላል፤ ከ4 ሄክታር የበለጠ ማሳ ግን ዙሪያው በሙሉ ይለካል። «ካርታ» ማለት ነዋሪው ለቤቱ ሲጠብቅ የሚያረጅበት፣ ለቡና ፍሬ ግን በአስቸኳይ የሚጠየቅ ሰነድ ነው።

3. ግዴታ
በጀሞ፣ በለቡ፣ በጎፋና በመካኒሳ ጀበና የጣደ ማንኛውም ሰው አቦሉን ከመቅዳቱ በፊት የየፍሬውን መገኛ ነጥብ ለጎረቤቶቹ ያነባል፤ ፍሬው ከብዙ ገበሬ ተለቅሞ በአንድ ማጠቢያ ጣቢያ የተደባለቀ ከሆነ (መቼም ሌላ ዓይነት ማግኘት ይከብዳል) ዝርዝሩ ተነቦ እስኪያልቅ ለሚቀዘቅዘው ስኒ ተጠያቂ አይኖርም። የተጎዘጎዘው ቄጠማ ከየትኛው ረግረግ እንደታጨደ የሚነሳ ጥያቄ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል።

4. የስጋት ደረጃ
ኅብረቱ በሜይ 2025 አገሮችን በደን ስጋት ሲመድብ 27ቱንም አባላቱን «ዝቅተኛ ስጋት» ከሚለው መደብ ያኖረ በመሆኑ፣ ከዚሁ ተሞክሮ በመቅሰም፣ በአዋጁ አውጪዎች ቤት የሚፈላ ቡና ከጥብቅ ምርመራ ነጻ ነው።

5. ወጪ
ለልኬቱ የሚያስፈልገው የስልክ፣ የኢንተርኔትና የለኪ አበል ወጪ በቡናው ዋጋ ላይ አይጨመርም፤ ከዋጋው ላይ ግን ሊቀነስ ይችላል።

6. የሚጸናበት ጊዜ
ዋናው ደንብ በዲሴምበር 30 ቀን 2024 ሊጸና ተቆርጦ ወደ 2025፣ ከዚያም የኅብረቱ ኮምፒውተር የመረጃውን ብዛት አይችልም በሚል ስጋት ወደ 2026 የተገፋ በመሆኑ፣ ይህ አዋጅ የሚጸናው ኮምፒውተሩ ሲችል ነው። እስከዚያው ማሳው እየተለካ ይቆያል።