ታቃፊዋ ዶሮና የጅብ ጥላ

ታቃፊ ዶሮ ከእንቁላሏ የምትነሳው በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። ወረድ ብላ ትጭራለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ አመድ ላይ ትንከባለላለች፣ ከዚያ እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝ ተጣድፋ ትመለሳለች። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ የምትኖረው በዚያች ፋታ ባገኘችው ነገር ነውና ፊቷ የወደቀውን አትመርጥም። ያለፈው ነሐሴ እንቅልፍ ያሳጣኝም ይኸው ጠባይዋ ነው።

የምኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለች መንደር ነው። ከፍታው 2,800 ሜትር ግድም ስለሆነ ብርዱ የዋዛ አይደለም። ክረምቱ ጭቃና በረዶ፣ መኸሩ ውርጭ ነው። የዕለት እንጀራዬ ከሌላ ሥራ ቢሆንም፣ በድንጋይ ካብ ያጠርኳትን ጓሮ ሳልዞር ውዬ አላድርም። ከአንዱ ወገን ጎመንና ድንች፣ ከሌላው ዶሮዎች፣ መሐላቸው የባሕር ዛፍ ጭራሮ አጥር። ይህ አጥር በየሳምንቱ ይጠገናል። ዶሮ ችግኝ ቆራጩን ትል ለቅማ ታጠፋለች፣ ችግኙንም አብራ ትለቅመዋለች። ኩሳቸውም ቢሆን ትኩሱን ከተጠቀሙበት ሥር ያቃጥላል። ከጭድና ከአመድ ጋር ተደባልቆ ወራት ሲከርም ግን ለጎመን እሱን የሚያህል ማዳበሪያ አላየሁም።

ድንቹ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይነገራል፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 ነው። ገበሬው በሰፊው የተቀበለው ከክፉ ቀን ወዲህ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ አልቆ፣ አራሽ በሬ ጠፍቶ፣ ሕዝብ ሲረግፍ፣ በእጅ ተቆፍሮ ቶሎ የሚደርሰው ድንች ነፍስ አዳነ። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ገብቶ ሕዝብ የፈጀው የድንች በሽታ ዛሬም ክረምት በመጣ ቁጥር እኛ ዘንድ ቅጠሉን ያጠቁራል። የኔም መደብ ነባሩን ዘር የያዘው ወገን በአንድ ሳምንት ዝናብና ጉም ጠቁሮ ወደቀ። ከሆለታ ምርምር የወጣው በለጠ የሚባለው ዝርያ ግን አጠገቡ ለምልሞ ቆየ። ለዚህ ዘር የደከሙ ሰዎችን ባገኛቸው እጃቸውን እስማለሁ።

ወደ ዶሮዋ ልመለስ። እንቁላል ጣዮቼ ቦቫንስ ብራውን የሚባሉት ናቸው። በመጣል የሚስተካከላቸው የለም። ማቀፍን ግን አያውቁም፤ ሲዳቀሉና ሲመረጡ የኖሩት ለእንቁላል ብቻ ስለሆነ ጠባዩ ከውስጣቸው ወጥቷል። የአገራችን ዶሮ ጥቂት ትጥልና ልቀፍ ብላ ትሟገታለች። ባለቤቷ ካልፈለገች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትነክራታለች፣ ወይም በአፍንጫዋ ላባ ታሳልፍባታለች። አጥር የምንጋራቸው እማማ ይህን አይወዱም። ገብስማ ዶሯቸው ማቀፍ ሲያምራት ታቅፈው ይዘውልኝ መጡ። «በርቢ ውሰዳት ልጄ። ዶሮዋ የኔ፣ እንቁላሉና ቀለቡ ያንተ፣ ጫጩቱ እኩል» አሉኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ፈንግልን ነበር። ክረምት ሲገባ የሚነሳው ይህ በሽታ ዶሮውን አንገቱን አጣሞ፣ አረንጓዴ አስቀምጦ፣ በቀናት ውስጥ ቤቱን ባዶ ያደርገዋል። መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው። ቢሾፍቱ ከሚመረቱት ክትባቶች አንዱ ሙቀት የሚችል ስለሆነ ማቀዝቀዣ ለራቀው መንደር ተስማሚ ነው፤ አንዲት ጠብታ ዓይን ላይ ናት። ገብስማዋም የኔዎቹም አስቀድመው ተከትበው ስለነበር ጤንነቷን አልተጠራጠርኩም።

የአቀማመጡን ሥርዓት ያዘዙት እማማ ናቸው። ከተሰበረ ገንቦ ግማሹ ተወስዶ፣ ሥሩ አመድ፣ ላዩ ጭድ ሆነ። አመዱ ቅማልን ያርቃል። የእንቁላሉ ቁጥር ጎዶሎ መሆን አለበት አሉ፤ ሆነ። የእንቁላል ጣዮቼ ባል የአገር አውራ ስለሆነ እንቁላሉ ዘር አለው። በሳምንቱ ማታ አንዱን አንስቼ በባትሪ ባየው፣ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀይ ጅማት ተዘርግቶ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትርገበገባለች። እማማ አማተቡና «ይኸው ነፍስ ዘራ» አሉ።

ሊፈለፈሉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ከቦንጋ ወዳጄ ለእንግድነት መጣ። እሱ በልጅነቱ እንጉዳይ እየለቀመ ያደገ ነው። በከፋና በሸካ ጫካ ዝናብ ጣል ሲያደርግ ኩይሳ ላይ የሚበቅለው እንጉዳይ ይበላል። ምስጦች ጎሬያቸው ውስጥ ራሳቸው የሚያለሙት ነው፣ እግሩም እንደ ሥር ረዝሞ እስከ ጎሬው ይወርዳል። ከዚሁ ወገን ዛምቢያ ውስጥ የሚገኘው ቆቡ አንድ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ወዳጄ ሲያወራው አፍ ያስከፍታል።

እኛ አገር ግን ብርዱ ለኩይሳ አይመችም። ነሐሴ ላይ ሜዳውን የሚሞላው በጎችና ላሞች በጋጡት መስክ የሚወጣ ነጭ እንጉዳይ ነው። ቅርጫት ይዘን ስንወጣ እረኞቹ ከበቡን።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ የጅብ ጥላ ነው! አይበላም!»

ልጆቹ እውነት አላቸው። በዚህ አገር እናት ልጇን እንጉዳይ አትንካ ብላ የምታሳድገው ያለ ነገር አይደለም፤ ለይቶ የማያውቅ ሰው ባይነካው ይሻለዋል። እኔ ግን ለዓመታት በመስኩ እንጉዳይ ስንገበገብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚበላው፣ ቆቡን ገልብጠው ሲያዩት ሽንሽኑ በለጋነቱ ሮዝ ነው፣ ሲያረጅ እንደ ቡና ይጠቁራል። ሽንሽኑ ነጭ የሆነ፣ ከእግሩ ሥር አፈር ውስጥ ከረጢት ያለው ግን ይፈራል። ገዳዮቹ የሚገኙት ከዚያ ቤተሰብ ነው። መቀቀልም መጥበስም መርዙን አያጠፋውም፣ ብርና ነጭ ሽንኩርት አብሮ ቀቅሎ መፈተን የሚባለውም ከንቱ ነው። የሚያስፈራው ደግሞ መዘግየቱ ነው፦ የበላው ሰው ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ሰዓት ደህና ይቆያል። ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ተሽሎት የዳነ ይመስላል፣ ጉበቱ ግን እየሞተ ነው።

እረኞቹ አይበላም ማለታቸውን ረስተው ይለቅሙልን ጀመር። እግሩን ከመሬት በላይ ቀጨት እያደረጉ ቅርጫቱን ሞሉት። ሥሩ አፈር ውስጥ ስለቀረ ከረጢት ይኑረው አይኑረው የሚያሳየን የለም። ስለዚህ አንዱንም ሳንቀምስ ዘሩን ለማየት ቆረጥን። የእንጉዳይ ዘር ዱቄት ነው። ቆቡን በነጭና በጥቁር ወረቀት ላይ ደፍቶ ሲያሳድሩት ቀለሙን ያትማል። ጓዳ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ደርድረን፣ በሩን ዘግተን፣ ቡና ልንጠጣ ወደ እማማ ቤት ተሻገርን።

ከሰዓት በኋላ በረዶው መጣ። ቆርቆሮው ሲንጓጓ መነጋገር እንኳ አልተቻለም፣ ነፋሱም የጓዳውን በር ገንጥሎ ወሰደው። ሲያባራ ስንሮጥ፣ ገብስማዋ በዚያች የዕለት ፋታዋ ወርዳ ጠረጴዛው ላይ ቆማለች። ከቆቦቹ አብዛኛው የለም። የቀረው ተበጫጭቋል። እኛን ስታይ ዘላ ወርዳ ወደ ገንቦዋ ገባችና እንቁላሏ ላይ ተቀመጠች።

የትኛውን በላች? ማንም አያውቅም። እማማ «ተልባ እናግታት» አሉ፤ እኔ ደግሞ ካነሳናት እንቁላሉ ይቀዘቅዛል ብዬ ፈራሁ። ብትሞት ገንቦው ውስጥ ያሉት ነፍሶችም አብረዋት ይሄዳሉ። ሌላ ታቃፊ በመንደሩ ፈልገን አጣን። መብራትም የለም። ውሃ አፍልተን ሃይላንድ ውስጥ ሞልተን፣ በጋቢ ጠቅልለን፣ ቅርጫት ውስጥ ጭድ ጎዝጉዘን ተዘጋጀን። የሚፈለገው ሙቀት 37.5 ዲግሪ ነው፤ መለኪያችን የጉንጫችን ቆዳ ነበር። ኩበት እየጨመርን፣ ሃይላንዱን እያመላለስን፣ በየሰዓቱ በባትሪ እያየናት አነጋን። እማማ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ወዳጄ ዶሮዋ ከተነፈሰች እሱም ይተነፍሳል። እኔ እስከዚያ ሌሊት ለአንዲት ዶሮ ይህን ያህል መጨነቅ እንደምችል አላውቅም ነበር፣ እማማ ግን ከዓይኔ አይተው «የያዘችው ነፍስ ነው፤ ትጨነቃለህ» አሉኝ።

ነጋ፤ ዶሮዋ አለች። ሌላም ሌሊት አለፈ፤ ተነስታ ጠጣች፣ ተመለሰች። መትረፏ ግን እንጉዳዩ ለሰው ይሆናል ማለት አይደለም። መርዝ በየፍጥረቱ ላይ እኩል አይሠራም፣ እሷም የቱን እንደበላች አይታወቅም። የነገረን ወረቀቱ ነው። ከቀሩት ቁርጥራጮች አብዛኞቹ እንደ ቸኮላት የጠቆረ ቡናማ አትመዋል። አንዱ ግን በጥቁሩ ወረቀት ላይ ንጹሕ ነጭ ቀለበት ጥሏል። እረኞቹን ይዘን ያን የለቀሙበት ቦታ ሄድን። ከመስኩ ዳር፣ ከተተከሉት ዛፎች ሥር ነው። ወዳጄ በቢላ ዙሪያውን ቆፍሮ አንዱን ከነሥሩ ሲያወጣው፣ ከአፈሩ ውስጥ ነጭ ከረጢት ተከትሎ ወጣ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየተቀበሉ አዩት። ከዚያ እጃቸውን በምንጭ አስታጠብናቸውና ሁሉንም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርን።

ጫጩቶቹ በቀናቸው ተፈለፈሉ። ጥቂቱ እንቁላል ውሃ ሆኖ ቀርቷል፣ ሌላው ገብስማና ቀይ የተቀላቀለበት ጫጩት ሆነ። ጫጩቶቹ ሲጠነክሩ እማማ ድርሻቸውን መርጠው ወሰዱ። ቡናማ የሚያትሙትን እንጉዳዮች በሌላ ቀን ከነሥራቸው ለቅመን፣ ሽንሽናቸውንም ዘራቸውንም አይተን፣ በቅቤና በሽንኩርት ጠብሰን ከወዳጄ ጋር በላን። እማማ አልቀመሱም፤ እኔም አላስገደድኳቸውም።

ለሚቀጥለው ርቢ አንድ ውል ጨምረዋል፦ ዶሯቸው ባለችበት ቤት የጅብ ጥላ አይገባም። ተስማምቻለሁ። ወረቀቱን አሁን የማነጥፈው ድንች የማስቀምጥበት ጎጆ ውስጥ ነው፣ ቁልፉም እሳቸው ዘንድ ነው።