በረዶ በሳሎን፦ የ«ቲም» ልደትን የሚመለከት የመስክ ጥናት

መግቢያ

በከተማችን የልጅ ልደት አከባበር በሁለት ዘመን ይከፈላል። የመጀመሪያው ዘመነ ድፎ ነው፤ አንድ ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻ፣ ለስላሳና የጎረቤት ልጆች ካሉ ልደቱ ተከበረ ይባል ነበር። ሁለተኛው ዘመነ ቲም ነው። ቲም ማለት ልደቱ የሚከበርበት ቤት የባለቤቶቹን ቤት እንዳይመስል የሚወጣ ወጪ ነው። የዚህ ጥናት ዓላማ ቲምና ቤት አብረው ሲውሉ ማን ማንን እንደሚረታ መመርመር ነው።

የጥናቱ ዘዴ

ጥናቱ የተካሄደው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ናሙናዋ አምስት ዓመት የሞላት አንዲት ልጅ ስትሆን የተመረጠችው በዓላማ ተኮር የናሙና አመራረጥ ነው፤ አጥኚው አባቷ ነው። መረጃው የተሰበሰበው በተሳትፎ ምልከታ ነው። ተሳትፎው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ፊኛ መንፋት ነበር፤ ምልከታው የተጀመረው የአጥኚው ራስ መዞሩን ሲተው፣ አምስት ሰዓት ገደማ ነው።

የቀን አወሳሰን ችግር

ናሙናዋ የተወለደችው ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜን 6 ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትል ቀን ናት። 2016 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ላይ አብቅቶ ልደተኛዋን ያለ ልደት ቀን አስቀራት። እናቷ የፈረንጁን አቆጣጠር አማራጭ አድርጋ አቀረበች፤ እሱም መስከረም 1 ላይ አረፈ። በዕንቁጣጣሽ እንግዳ መጥራት ሰውን ከገዛ ዶሮው መለየት ስለሆነ ሐሳቡ ታመመ። አያቷ «መስከረም አንድ እኮ ረቡዕ ይውላል» ሲሉ ደግሞ ሞተ። ኬኩ ወተትም እንቁላልም ነበረበት። በመጨረሻም ጳጉሜን 5፣ ማክሰኞ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ድምፅ የሰጡት አያቷ ናቸው።

የጽንሰ ሐሳብ ማዕቀፍ

የተመረጠው ቲም «ፍሮዝን» ነው። ፊልሙ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን መነሻው ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1844 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የበረዶዋ ንግሥት ተረት ነው። እዚህ ላይ ከባድ የትርጓሜ ችግር ተከሰተ። የዴንማርኩ በረዶ እንደ ላባ ለስልሶ ይወርዳል። አማርኛ ግን ያንንም፣ ጣሪያ እየደበደበ የሚወርደውንም በአንድ ስም በረዶ ይላቸዋል። አያቷ የሚያውቁት ሁለተኛውን ነው።

«የሚከበረው በረዶ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። «በጳጉሜን? እህሉ ማሳ ላይ ቆሞ?»

አጥኚው ያሉትን መዛግብት ቢያገላብጥም መልስ አላገኘም።

ግኝቶች

አንደኛ፣ ዲኮር። የዲኮር ባለሙያዋ ሳሎኑን በሰማያዊ ጨርቅ ጋርዳ፣ ሦስት ኪሎ የተነደፈ ጥጥ በረዶ ነው ብላ ወለሉ ላይ በተነች። ቡፌው ቤተ መንግሥት ሆነ። የግድግዳው ሥዕለ ማርያምም ይሸፈን የሚል ሐሳብ አቅርባ ነበር፤ አያቷ ቀና ብለው ሲያዩዋት ሐሳቡን በራሷ ፈቃድ ተወች።

ሁለተኛ፣ ታዳሚ። የተጠሩት 14 ልጆች፣ የመጡት 23 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አራቱ የፊልሙን ኤልሳ ሆነው ሲመጡ የኤልሳን እህት አናን ለመሆን ፈቃደኛ የሆነች አልተገኘችም። ከሁለተኛ ፎቅ አንድ ስፓይደርማን መጥቷል፤ ከሌላ ቲም የተፈናቀለ መሆኑ ታውቆ ጥገኝነት ተሰጥቶታል።

ሦስተኛ፣ መዝሙር። የ«ሃፒ በርዝደይ» ዜማ የኬንታኪዎቹ የሂል እህትማማቾች በ1893 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት የማለዳ ሰላምታ ብለው ያሳተሙት ነው። በግጥሙ ክፍያ ይሰበስብ የነበረው ኩባንያ ሕጋዊ መብት እንደሌለው የአሜሪካ ፍርድ ቤት የወሰነው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰፈራችን ውሳኔውን ሳይጠብቅ ሲዘምረው ኖሯል። በዕለቱ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ ተዘምሮ ወደ ሦስተኛ ዙር ሊገባ ሲል የአያቷ እልልታ ዘጋው።

አራተኛ፣ ምግብ። በቲሙ ዕቅድ ላይ ድፎ የለም። ድፎ ግን በኮባ እንደተጋገረ፣ በጎረቤት እጅ፣ ሳይጠራ መጣ። ሰማያዊው ኬክ ፎቶ ከተነሳ በኋላ የ23 ልጆችን ምላስ አቅልሞ ግማሹ ተረፈ። ከድፎው የተረፈው ኮባው ነው።

አምስተኛ፣ የአየር ንብረት ለውጥ። አሥር ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ኬኩ ላይ የነበረችው የ«5» ቅርጽ ሻማ ተመልሳ ተለኩሳ ክብሪት ተፈለገባት፤ በምን እንደተለኮሰች ጥናቱ ሊያረጋግጥ አልቻለም። ቡና ሊፈላ ስለሆነም ቄጤማ መጥቶ በጥጡ ላይ ተጎዘጎዘ። አጥኚው በማስታወሻው ላይ «በረዶው ላይ ሣር በቀለ» ብሎ መዝግቧል።

ያልተጠበቀ ግኝት

ቡናው ሲቆላ አያቷ ከበረዶው አንድ እፍኝ አንስተው በጣቶቻቸው ሳብ ሳብ አደረጉት። «ይሄን የመሰለ ባዘቶ መሬት ላይ!» አሉና ከመኝታ ቤት እንዝርታቸውን አስመጡ። እንዝርቱ መሽከርከር ሲጀምር አራቱም ኤልሳዎች ከበቧቸው፤ ስፓይደርማን ተከተለ። ክር ከእጁ ይወጣል እየተባለ በስሙ የሚነገድበት ልጅ፣ ክር በእርግጥ ከእጅ ሲወጣ ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ልደተኛዋ አክሊሏን ለድመቷ አበርክታ አያቷ ጉልበት ሥር ተቀመጠች። ለፊኛው ቅስት ሲባል የተቀጠረው ፎቶ አንሺ ከቅስቱ ሥር የሚያነሳው ሰው አጣ።

መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

በጥናቱ መሠረት ቲም በቤት ላይ የሚቆየው ቡና እስኪቆላ ነው። ስለዚህ ወላጆች ቲም ሲመርጡ ቀለሙንና ዋጋውን ብቻ ሳይሆን አያት ምን ልታደርግበት እንደምትችል አስቀድመው እንዲያጠኑ ይመከራል።

የጥናቱ ዋና ውስንነት የናሙናዋ የልደት ቀን ነው፤ ቀጣዩ ጳጉሜን 6 የሚውለው በ2019 ዓ.ም. ነው። በረዶው ግን አልቀለጠም። ከጉዝጓዙ ተለቅሞ በአያቷ አልጋ ሥር ይገኛል፤ አያቷ እንደገለጹት ከሸማኔ ጋር ተነጋግረውበታል፣ እስከ ጳጉሜን 6 ነጠላ ይወጣዋል።