የዝናብ መጥረጊያ ጠባይ፦ መቅድመ ጥናት

የዝናብ መጥረጊያ በአዲስ አበባ መኪኖች ፊት ተጋድሞ የሚኖር፣ ዋነኛ ሥራው ወረቀት መያዝ የሆነ ባለ ላስቲክ ፍጡር ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የፓርኪንግ ደረሰኝ፣ የትራፊክ ክስና የአስጠኚ ማስታወቂያ ይይዛል። ሰኔ ሲገባ ግን ውኃ ጥረግ ይባላል። አብዛኛው ለዚህ ድንገተኛ የሥራ ዝውውር ዝግጁ ሆኖ አይገኝም።

ምክንያቱ አያከራክርም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች የበጋው ፀሐይ ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ጠርዙን ይሰነጥቀዋል። የቀረውን ሹፌሩ ይጨርሰዋል፤ አቧራ የለበሰ ደረቅ መስታወት ላይ ባሠራው ቁጥር ጠርዙ እንደ ተሞረደ ያልቃል። ላስቲኩ በየ6 ወሩ፣ ቢዘገይ በዓመት ይቀየር ዘንድ ይመከራል። በእኛ ዘንድ የሚቀየረው ብረቱ መስታወቱን መፋቅ ሲጀምር ነው። ግማሽ ክብ የሆነው ጭረትም ከሊብሬው ጋር ለቀጣዩ ገዢ ይተላለፋል።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ፣ አሜሪካዊቷ ሜሪ አንደርሰን በ1903 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበችው መጥረጊያ ሹፌሩ ውስጥ ተቀምጦ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ነበር። ሚኒባሶቻችን ይህን አሻሽለውታል፤ ረዳቱ በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ በጨርቅ ይጠርጋል። ሮበርት ከርንስ ደግሞ በ1960ዎቹ እያረፈ የሚጠርግ መጥረጊያ ሠርቶ፣ ከፎርድ ጋር ለዓመታት ተካስሶ በ1990 እ.ኤ.አ. ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሎታል። ተመሳሳይ ባሕርይ በአሮጌ ታክሲዎቻችን ላይ ያለ አንዳች የፈጠራ መብት ይታያል፦ መጥረጊያው ይነሣል፣ መሃል ላይ ያርፋል፣ ዳሽቦርዱ በቡጢ ሲመታ ይቀጥላል። ካሣ የጠየቀ የለም።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ጠርዙን ሳሙና በነካ እርጥብ ጨርቅ ማበስ፣ መስታወቱን ከቅባትና ከጭቃ ማጽዳት፣ የውኃ መርጫው ውስጥ ቀዳዳ የሚደፍን የልብስ ሳሙና ዱቄት አለመጨመር። ቀላል በመሆኑም የሚሠራው አልተገኘም።

ለተመራማሪ ይበልጥ የሚያጓጓው የማዘዋወር ሥርዓት ነው። የሹፌሩ ወገን መጥረጊያ ሲያልቅ የተሳፋሪው ተነቅሎ ይተካዋል፤ ጋቢና የተቀመጠ ሰው መንገድ ማየት ምን ያደርግለታል? ችግሩ፣ በብዙ መኪኖች የተሳፋሪው አጭር ነው። ስለዚህ የመንገዱ ከፊል በዓይን፣ ከፊል በጸሎት ይነዳል። በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ዋዜማ ደግሞ መጥረጊያ ከጎረቤት መኪና ተውሶ፣ ቦሎ እንደተለጠፈ በምስጋና ይመለሳል።

በገበያው በኩል፣ ሐምሌ ላይ ዋጋው ይወደዳል፤ ባለመኪናው «ትንሽ ይርከስ» ብሎ ይጠብቃል። መስከረም ላይ በእርግጥም ይረክሳል። አዟሪው መስኮቱን አንኳኩቶ «ጋሼ፣ በቅናሽ ልስጥዎት» ይላል።

«አሁንማ ዝናቡ አለቀ እኮ፣ ልጄ።»