ሳንማር ተጫውተን ያደግን

ወላጆቼን መውቀስ ልማዴ አይደለም። በቅርቡ ግን አንድ ከባድ በደል እንደፈጸሙብኝ ደረስኩበት፤ ልጅ ሳለሁ ዝም ብዬ እንድጫወት ለቀቁኝ። ብይ ስወረውር «የዓይንና የእጅህ ቅንጅት እየዳበረ ነው» ያለኝ የለም። ከሰፈር ልጆች ጋር እቃቃ ስንጫወት፣ የጭቃ ወጥ ሠርተን በቅጠል ስንጎራረስ፣ ማኅበራዊ ክህሎት እየገነባን እንደነበር ማንም አልመዘገበልንም። እናቴ የመዘገበችው የቆሸሸውን ሱሪ ብቻ ነው፤ ምዘናውንም ያካሄደችው በነጠላ ጫማ ነው። ይኸው ያለ አንድ የክህሎት ዝርዝር ጎልምሼ፣ ሥራ ይዤ፣ ግብር ከፋይ ሆኛለሁ። በተአምር ማለት ነው።

ይህን ጉድለቴን ያየሁት በማርች 2025 ኒው ዮርክ፣ ጃቪትስ ማዕከል ውስጥ ነው። የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ የልጆች ዕቃ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው። «ቶይ ፌር» የሚሉት የመጫወቻ ንግድ ትርዒት ሲደርስ «ና፣ ካታሎግ ትሸከምልኛለህ» ብሎ ይዞኝ ወጣ። ትርዒቱ ከ1903 ጀምሮ ያለ የነጋዴዎች ገበያ ነው። አምራች ይገባል፣ አከፋፋይ ይገባል፣ ጋዜጠኛ ይገባል። ዕድሜው 18 ያልሞላ ግን በእናቱ ታዝሎም ቢሆን በሩን አያልፍም።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሙሽራዋ ያልተጠራችበት ሠርግ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ ጥበቡን አደነቅሁ። ልጅ ቢገባ ምን ሊያደርግ ነው? መጫወቻውን ሊጫወትበት! ሁለት ዓመት የተደከመበትን፣ በሦስት ዶክተር የተመረቀውን ዕቃ አንስቶ አገላብጦ አይቶ፣ ጥሎት ወደ ምንጣፉ ጠርዝ ይሮጥና ክር መምዘዝ ይጀምራል። ይህን የመሰለ አስተያየት የሚሰጥ ሰው የትኛውም ገበያ በር ላይ መመለስ አለበት። ደግሞም መጫወቻ የሚገዛው ልጅ አይደለም። የሚገዛው ሊነጋ ሦስት ሰዓት ሲቀረው ነቅቶ «የጎረቤቴ ልጅ እስከ ሃያ ቆጠረች፤ የኔ ለምን እስከ አስር ብቻ?» እያለ ጣሪያ የሚያይ አባት ነው። እሱ ደግሞ 18 ሞልቶታል።

በገባን በሩብ ሰዓት ውስጥ አንድ ነገር ገባኝ፤ «መጫወቻ» የሚለው ቃል ለካ ነውር ኖሯል። ቅጭልጭል የሚባል ነገር የለም፤ «የመስማት ስሜት ማነቃቂያ» ነው። ኩብ እንጨት የለም፤ «የቅድመ ምሕንድስና መነሻ» ነው። አንዲት ዳስ ፊት ቆምን። ጠረጴዛው ላይ የቆመ እንጨት አለ፤ አምስት ቀለበት ይገባበታል። አለቀ፣ ሌላ ነገር የለውም። የካርቶኑ ጀርባ ግን የሰው ሕይወት ታሪክ ይመስል ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል። ሻጯ ፈገግ ብላ ማስረዳት ጀመረች። ሕፃኑ ቀለበቱን እንጨቱ ላይ ሲያስገባ ችግር መፍታትን ይማራል።

«ማስገባት ቢያቅተውስ?» አልኳት።

«ጽናትን ይማራል።»

«ቢወረውረውስ?»

«ምክንያትና ውጤትን ይረዳል።»

«ቢነክሰው?»

«በስሜት ሕዋሳት መመርመር እንለዋለን። በጣም ጠቃሚ ነው።»

«ጨርሶ ባይነካውስ?»

ለአፍታ አሰበች። «እሱን በተመለከተ ሌላ ዕቃ አለን» አለችና ከጀርባዋ ሳጥን ሳበች።

ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ጠበቃ ቢኖረኝ ብዬ ተመኘሁ። ልጁ ያደረገውን ቢያደርግ ዕቃው አይሸነፍም።

ከዚያ ወዲያ «ሞንቴሶሪ» የሚል ያልተጻፈበት እንጨት ፍለጋ ዞርን፤ አላገኘንም። ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 ሮም፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር፣ የሠራተኞችን ልጆች ሰብስባ ቤት ስትከፍትላቸው ስሟ አንድ ቀን የቀለም ዓይነት ይሆናል ብላ አላሰበችም ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ በ1967 የንግድ ምልክት ጉዳዮች የሚታዩበት ቦርድ ስሙ የወል መጠሪያ ነው፣ ባለቤት የለውም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ማንም እንጨት ፍቆ፣ ደብዘዝ ያለ ቀለም ቀብቶ ስሟን ቢለጥፍበት የሚከሰው የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቅቤ ሁሉ የሸኖ እንደሆነው፣ እዚያም እንጨት ሁሉ የሞንቴሶሪ ነው።

የኔ ትውልድ ወላጆች ዕድለ ቢስ ስለነበሩ ያመለጣቸው ሌላም በረከት አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ አንዲት የቀድሞ መምህርት «ቤቢ አንስታይን» የተባለ የሕፃናት ቪዲዮ ጀመረች። አሻንጉሊት ሲወዛወዝ ያሳያል፣ ከሥሩ ክላሲካል ሙዚቃ ይንቆረቆራል። ዲዝኒ በ2001 ገዛው። ስሙ እንዴት ያለ ምርጫ ነው! አንስታይን እኮ አፉን ዘግይቶ የፈታ ልጅ ነበር ይባላል። በ2007 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ8 እስከ 16 ወር ያሉ ሕፃናትን አጥንተው፣ እንዲህ ያለ ቪዲዮ በቀን አንድ ሰዓት በጨመረ ቁጥር ሕፃናቱ የሚያውቁት ቃል ከእኩዮቻቸው ከስድስት እስከ ስምንት ያህል ያነሰ ሆኖ አገኙት። በ2009 ዲዝኒ ዲቪዲውን ለሚመልስ ገንዘቡን እመልሳለሁ አለ። ሰዎች ይህን እንደ ውድቀት ያወሩታል። እኔ ግን ኩባንያው ቃሉን ጠብቋል ባይ ነኝ፤ አንስታይን እናደርጋቸዋለን ብሎ አፋቸውን አዘገየላቸው።

የሚያወሩ መጫወቻዎች ያሉበት አዳራሽ ስንደርስ ጆሮዬን ያዝኩ። ላም «እምቧ» ትልና ወዲያው ራሷን ታስተዋውቃለች። ስልክ ይደውላል፣ ራሱ ያነሳል፣ ራሱ ያወራል፣ ራሱ «ጎበዝ!» ይላል። ልጁ ከመሃል ምን ሠርቶ እንደተመሰገነ አልገባኝም። ሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ያለች አንዲት ተመራማሪ 26 ወላጆችን ከሕፃናቶቻቸው ጋር አንዴ በእነዚህ፣ አንዴ ባትሪ በሌለው መጫወቻ፣ አንዴ በመጽሐፍ ስታጫውታቸው፣ ኤሌክትሮኒኩ ሲበራ ወላጆቹ የሚናገሩት ቃል ቀነሰ፤ ጥናቱ በ2015 መጨረሻ ወጥቷል። ምን ይገርማል? በጨዋ አስተዳደግ ያደገ ሰው ሌላው ሲናገር አያቋርጥም። ላሟ ጨርሳ እስክትናገር ይጠብቃል፣ ላሟ ደግሞ ባትሪዋ ካላለቀ አትጨርስም። የሚያዳምጡም አሉ እንጂ። በ2017 ጀርመን ካይላ የምትባለዋን ከኢንተርኔት ጋር የምትገናኝ አሻንጉሊት ድብቅ የስለላ መሣሪያ ናት ብላ ከለከለች፤ ወላጆችም እንዲያበላሿት ታዘዙ። በኛ ሰፈር ይህን ሥራ የምትሠራ አንዲት ጎረቤት ነበረች፤ ባትሪ አትፈልግም፣ አንድ ስኒ ቡና ይበቃታል።

አሁን የአክስቴ ልጅ ወደተዋረደበት ቦታ ልምጣ። አንድ ወጣት ሻጭ ጠራንና ከተጠረበ እንጨት የተሠራ ሰሌዳ ዘረጋ። ስድስት ጉድጓድ በዚህ፣ ስድስት ጉድጓድ በዚያ፣ በሁለቱ ጫፍ አንዳንድ ትልልቅ ጎድጓዳ፣ 48 የሚያብረቀርቅ የመስታወት ጠጠር። «ማንካላ ይባላል፤ ከአፍሪካ የመጣ ጥንታዊ ጨዋታ ነው፤ ሂሳብ፣ ትዕግሥትና ስልታዊ አስተሳሰብ ያስተምራል። ቀስ ብዬ ላሳያችሁ?» አለ። የአክስቴ ልጅ በገበጣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ቆርኪ ያስፈታ ሰው ነው። መሬት በጣቱ ቆፍሮ፣ ጠጠር ከመንገድ ለቅሞ። አያታችን ግን ጉድጓዱን ባየች ቁጥር «ሥራ ፈት! ደብተርህን አታነብም?» እያለች በእግሯ ትደፍነው ነበር። ይኸው ያ ሥራ ፈትነት ባለ ማግኔት ሳጥን ውስጥ ገብቶ «ትምህርት» ሆኖ መጣ። ሪቻርድ ፓንክረስት እንኳ በ1971 የገበጣን ዓይነቶች ከየአውራጃው ለቃቅሞ ሲጽፍ፣ ከየትኛው ክህሎት ጋር እንደሚመደቡ አልነገረንም። ትልቅ ጉድለት ነው።

ሻጩ ማሳየቱን ቀጠለ። የአክስቴ ልጅ አንገቱን እየነቀነቀ፣ «እሺ... አሃ... ከዚያስ?» እያለ በትሕትና ተማረ። አንድ ዙር እንጫወት ተባለ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ሻጩ ፊት ጠጠር አልቀረም። «ለጀማሪ በጣም ጎበዝ ነህ!» አለው። ዘመዴ 12 ሳጥን አዘዘ። ለምን እንዳዘዘ እስካሁን እጠይቀዋለሁ፣ መልስ የለውም። ኀፍረት ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ሻጮቹ እርስ በርስ ሲያወሩ ስለ ጽናትና ስለ ስሜት ሕዋስ አንድም ቃል አልሰማሁም። ወሬው ሁሉ ቀረጥ ነበር። አሜሪካ የሚሸጠው መጫወቻ አብዛኛው የሚሠራው ቻይና ነው፤ ትርዒቱ በተዘጋበት በማርች 4 ደግሞ በቻይና ዕቃ ላይ የተጣለው አዲሱ ቀረጥ ከ10 ወደ 20 በመቶ ከፍ አለ። ልጆችን መደመር የሚያስተምሩት ሰዎች ሁሉ ስልካቸውን አውጥተው ሲቀንሱ ዋሉ።

ከአስተማሪ ጨዋታዎች ሁሉ የላቀ ውጤት ያመጣውን ግን አንድም ዳስ ላይ በአስተማሪነቱ ሲመሰገን አላየሁም። በ1904 ኤልዛቤት ማጊ የተባለች አሜሪካዊት ለአንድ የገበታ ጨዋታ ፓተንት አገኘች። ሴትየዋ መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ መከማቸቱ ያንገበግባት ነበር። ልጆች እየተጫወቱ የባለርስትን ክፋት በዓይናቸው ይዩት፣ ሲያድጉ ይቃወሙታል ብላ ነው የደከመችው። በኋላ ሁለት ዓይነት ሕግ አወጣችለት፤ በአንዱ ሀብት ሲፈጠር ሁሉም ያተርፋል፣ በሌላው አንዱ ሌላውን ጨርሶ ያደኸያል። በ1935 ፓርከር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ መብቱን ከእሷ በ500 ዶላር ገዛ። ሞኖፖሊ ብለን የምናውቀው የዚያ ዘር ነው፤ የቀረውም ማደኽየቱ ነው። እነሆ ከዚያ ወዲህ የስንት አገር ልጅ እህቱን ከቤት ንብረቷ አፈናቅሎ፣ የመጨረሻ ሳንቲሟን ተቀብሎ፣ እየሳቀ ተኝቷል። መጫወቻ አያስተምርም የሚል ካለ ይህን ያንብብ።

ወደ ማታ እግራችን ሲዝል አንድ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። በዚሁ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ፣ የመጫወቻዎች የክብር መዝገብ የሚይዝ ሙዚየም እንዳለ ለዘመዴ አጫወትኩት። ባዶ ካርቶን በ2005፣ እንጨት፣ አዎ መሬት የወደቀ ተራ እንጨት፣ በ2008፣ አሸዋ በ2021 መዝገቡ ላይ ሰፍረዋል። ከዚያ በፊት ሁላችንም ባልተመዘገበ አሸዋ ነበር የምንጫወተው ማለት ነው። «ታዲያ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ለምን አናስመጣም?» አልኩት። «ዕድሜ ከ3 ዓመት በላይ። ፈረስ ይሆናል፣ ጠመንጃ ይሆናል፣ የአስተማሪ ዱላ ይሆናል። ባትሪ አይፈልግም።» ለቀልድ ነበር። እሱ ግን ግንባሩን ቋጥሮ ዝም አለና፣ «ቅርፊቱን ጉምሩክ አያሳልፈውም። ተልጦ ቢመጣስ?» አለኝ።

ማታ ሜሪላንድ ስንገባ አክስቴ ከልጅ ልጇ ጋር ሶፋ ላይ ናት። ዘመዴ በናሙና የተሰጠውን አንድ የሚያወራ ጉጉት ከሳጥኑ አውጥቶ መደርደሪያው ላይ አቆመው፤ ሰው ሲንቀሳቀስ እያየ የሚያበረታታ ነው። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እንቆቅልሽ ላይ ነበሩ።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልሽ!»

«ቀን ይከተለኛል፣ ማታ ይከዳኛል።»

የአራት ዓመቱ ልጅ አሰበ። ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። «ቦርሳ» አለ፤ «ውሻ» አለ፤ በመጨረሻ «ስኩል ባስ» አለ።

«አልሆነም! አገር ስጠኝ!»

«ኒው ዮርክ!»

«ኒው ዮርክማ ገብቼ፣ ፎቁ ላይ ወጥቼ፣ ቁርጡን በልቼ፣ ጠጁን ጠጥቼ፣ ላንተ አጥንቱን በፖስታ ልኬልህ...» አክስቴ እጇን ወዲያና ወዲህ እያወናጨፈች ኒው ዮርክን አስተዳደረችው። ልጁ በሳቅ ከሶፋው ወደቀ። «ጥላህ ነው!» ስትለው ተነሥቶ ወደ መብራቱ ሮጠ፤ አንድ እግሩን አነሳ፣ ግድግዳውም ላይ አንድ እግር ተነሣ።

እኔም ከትርዒቱ ያመጣሁት ዕውቀት አላስቀምጥ አለኝና «ይሄ ከስንት ዓመት በላይ ላለ ልጅ ነው የተዘጋጀው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሥራ የለህም አንተ?» አለችኝ።

በዚህ መሃል መደርደሪያው ላይ ያለው ጉጉት ዓይኑን አበራና ወደ ባዶው ወንበር ዞሮ በእንግሊዝኛ «ግሩም ሠራህ! እንደገና ሞክር!» አለ።

አክስቴ ወንበሩን አየች፣ ጉጉቱን አየች፣ አማተበች። «ይሄ ደግሞ ማንን ነው የሚያናግረው?»