የቃላት ቁንጅና ውድድር

ሰው ለውድድር ያላቀረበው ነገር የለም። ወይዛዝርቱ ይቅሩና ላሙም፣ ውሻውም፣ ዱባውም ተወዳድሮ ተሸልሟል። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ደግሞ ከዚህ አልፈው ቃላታቸውን መድረክ ላይ አውጥተው አቆናጅተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የስፔን የድርሰት ትምህርት ቤት «ከቋንቋችን ቃላት ሁሉ ውቡ የትኛው ነው?» ብሎ በኢንተርኔት ድምፅ ሰበሰበ። «አሞር» አሸነፈ፤ ፍቅር ማለት ነው። ነፃነት የሚባለው «ሊቤርታድ» እና ሰላም የሚባለው «ፓስ»ም ከፊት ከተሰለፉት ነበሩ። እንግዲህ መራጩ ጆሮውን ትቶ ምኞቱን መርጧል ማለት ነው። «አልኪሌር» የሚባል ቃል አላቸው፤ በዜማ ከሆነ ከአሞር የሚያንስ አይደለም። ከዐረብኛ የተወረሰ ነው፤ የእኛም «ኪራይ» የዚያው ዘር ነው። ትርጉሙም እንደኛው ኪራይ ሆነና ማን ዞር ብሎ ይየው! ወር በጠባ ቁጥር ግን በየቤቱ ስሙ የሚነሳው እሱ እንጂ አሞር አይደለም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ተራው የሰርቫንቴስ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ስፓኒሽን በዓለም ለማስፋፋት በመንግሥት የተቋቋመ ድርጅት ነው። በዚህኛው ዙር ታዋቂ ሰዎች ለየቃላቸው አጃቢ ሆኑ። ኖቤሉን ገና በቀደመው ዓመት የተሸለመው ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ «ሊቤርታድ»ን አቀረበ፤ ከደራሲ የሚጠበቅ ነው። ዘፋኟ ሻኪራ «ሜሊፍሉዋ» አለች፤ እንደ ማር የሚፈስ ማለት ነው። ቃሉ ጣፋጭ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ጉሊት ቆሞ ዋጋ ሲከራከርበት የታየ ሰው ግን የለም።

ዘውዱን የደፋችው የሜክሲኮው ተዋናይ ጋኤል ጋርሲያ ቤርናል ያቀረባት «ኬሬታሮ» ናት። ኬሬታሮ የሜክሲኮ ከተማ ናት። ትርጉሟ «የሰማያዊ ሳላማንደሮች ደሴት» ነው ተብሎ ተወራ፤ ሳላማንደር እንሽላሊት መሳይ ፍጥረት ነው። ሕዝቡም ሰማያዊውን ደሴት በዓይነ ሕሊናው እያየ ድምፁን ሰጠ። ከተማዋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከውቅያኖስ ርቃ የተቀመጠች ደገኛ ናት። ስሟን የሰጧት የፑሬፔቻ ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ትርጉሙንም አጥኚዎች ወይ ከቋጥኝ ወይ ከኳስ መጫወቻ ሜዳ ጋር ያያይዙታል እንጂ ሳላማንደር የሚባል አያውቁም። የስፓኒሽ ቋንቋ ቆንጆ ሆና የተመረጠችው እንግዲህ ስፓኒሽ ያልሆነች፣ ትርጉሟም በሐሜት የተሰፋላት ናት። በቁንጅና ውድድር ዓለም ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ከቃላቱ ጋር ትዳር መሥርቶ የሚኖረው ሰው አመለካከቱ ሌላ ነው። «ኤስፖሳ» ሚስት ናት። ቃሉ ሲበዛ «ኤስፖሳስ» ይሆናል፤ ሚስቶች ማለት ነው፤ ፖሊስ ወንጀለኛ እጅ ላይ የሚያጠልቀው ካቴናም ስሙ ይኸው ነው። ስሙን ያወጡት ባሎች መሆናቸውን ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ «አኦሪታ» አለ፤ «አሁን» የሚለውን በፍቅር ማቆላመጥ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው «አኦሪታ እመጣለሁ» ካለ ከሰዓት በኋላም ሊሆን ይችላል፤ ማግስቱንም ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ ላይመጣም ይችላል። አልጋው ላይ ተጋድሞ «ደርሻለሁ፣ መታጠፊያው ጋ ነኝ» የሚል ወዳጅ ያለው አበሻ ይህን ቃል ያለ አስተማሪ ይገባዋል።

የውጭ አገር ሰው በበኩሉ «ሲዬስታ» ሲባል ልቡ ይቀልጣል። ከቀትር በኋላ ያለችው ሸለብታ ናት፤ ስሟ ከላቲኑ «ስድስተኛ ሰዓት» የመጣ ነው። ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ሲቆጠር ስድስት ሰዓት፣ እኩለ ቀን መሆኑ ነው። የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ሲነግሩት ግራ የሚገባው ቱሪስት በእኛው ሰዓት ተኝቶ እንደሚነሳ የነገረው የለም።

እኔ ድምፅ ስጥ ብባል የምመርጠው «ቫሌ» የሚለውን ነው። በአነጋገራቸው «ቫ»ው «ባ» ሆኖ ይወጣል። ማድሪድ ውስጥ ስልክ የሚዘጋ ሰው አጠገብ የቆመ አበሻ ጉድ ይሰማል፦ «ባሌ፣ ቤንጋ፣ ባሌ፣ ባሌ፣ አዲዮስ፣ ባሌ!» ሴቷ ትሁን፣ ጢማሙ ሾፌር ምን ነካው? «ባሌ» ማለት ግን «እሺ» ነው። የእኛም «እሺ በቃ፣ እሺ፣ ቻው፣ እሺ» ያው ነው፤ ስልክ ለመዝጋት የማይቸኩል ሕዝብ የትም ይተዋወቃል። ኢንስቲትዩቱ በስሙ የተጠራለት ሰርቫንቴስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1615 የዶን ኪኾቴን ሁለተኛ ክፍል የደመደመው በዚህችው ቃል ነው፤ እሱ «ደኅና ሁን» በሚለው የላቲን ፍቺዋ ተሰናበተባት። ይህን ያህል ዘመን አገልግላ፣ ዛሬም ቀኑን ሙሉ ስትላላክ ውላ፣ ዘውዱን ኬሬታሮ ወሰደችው። ምን ይደረግ፣ ሥራ ያልበዛበት ቃል ሁሌም መልኩ አይጎሳቆልም።