የግጥም መጽሐፍ ከጀርባው ሲነበብ

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ አዲስ የግጥም መድበል ከእጃችን ሲገባ መጀመሪያ የምናነበው ግጥሙን አይደለም። መጽሐፉን እንገለብጠዋለን። በጀርባ ሽፋኑ ላይ ገጣሚው አገጩን በመዳፉ ደግፎ፣ ፎቶ እየተነሣ መሆኑን ያላወቀ መስሎ አለ። ከፎቶው ግርጌ የትውልድ ቦታው ተጽፏል፤ ዓይናችን የሚያርፈውም እዚያች መስመር ላይ ነው። «ደምበጫ»፣ «ጅጋ» ወይም «ሰከላ» የሚል ከተገኘ ነገሩ አለቀ፤ አንድ ስንኝ ሳይነበብለት «ቅኔው ከደሙ ነው» ተብሎ ይመሰገናል። ሌላ አገር ከተጻፈ «እስቲ እናየዋለን» ይባልና መጽሐፉ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፤ እናየዋለን የተባለ መጽሐፍ ደግሞ ታይቶ አያውቅም። ገጣሚዋ ሴት ከሆነች «የፍቅር ይሆናል»፣ አሜሪካ የምትኖር ከሆነች «የናፍቆት ይሆናል» የሚል ፍርድ በሌለችበት ይሰጣል። በበርበሬ እንኳ እንዲህ አንቀልድም። ቡሬ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ሰው ዛላውን ይሰብራል፣ ያሸታል፣ ከምላሱ ጫፍ ያደርሳል፣ ካስነጠሰው በኋላ ነው ክርክር የሚጀምረው። ሻጩ የየት አገር ሰው እንደሆነ ቢጠይቅ እንኳ ዋጋ ለማስቀነስ ነው።

ይህ ዓይነቱ አነባበብ ለሌላው አገር ሰው ቢፈቀድ ለጎጃሜ ግን አይፈቀድም ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ቅኔ የእኛ ነው ብለን አገር ያደነቆርን እኛው ነን። ፉከራው ደግሞ ባዶ አይደለም። ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ ተብለው ከሚጠሩት ሦስቱ የቅኔ ቤቶች ሁለቱ የጎጃም ናቸው። ችግሩ ያለው ቅኔ ቤቱን ስንወርስ ሥርዓቱን ረስተን ስሙን ብቻ መያዛችን ላይ ነው። የቅኔ ተማሪ በተወለደበት መንደር ተቀምጦ ሊቅ አይሆንም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የየመንደሩን ውሻ በዱላ እየመከተ የማያውቀውን መምህር ፍለጋ ይወጣል። የዋሸራን ስልት የቀሰመ ወደ ጎንጅ ይሻገራል፤ ሁለቱንም ያየ ደግሞ የዋድላውን ሳልሰማ አልሞትም ብሎ ወሎ ይወርዳል። ሌላም ሕግ አለ። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ በየዕለቱ አዲስ ቆጥሮ ከመምህሩ ፊት ይቆማል። የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ቢያመጣው፣ ይባስ ብሎ የሌላውን የራሴ ነው ቢል መሳቂያ ነው። እንግዲህ ቤትህን ትተህ ውጣ፣ ያልተሰማ ነገር አምጣ የሚል ትምህርት ቤት ወራሽ ነኝ የሚል ሰው፣ ከቤቱ ሳይወጣ የሚያውቀውን ብቻ ደግሞ ደጋግሞ ልስማ ሲል ምን ይባላል? እነዚያ የቆሎ ተማሪዎች ቢሰሙ ውሻቸውን ይለቁበት ነበር፤ ውሻ ቢኖራቸው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ መንገድ ላይ ማንኩሳ አለች። ከዚህች ከተማ ሁለት ስመ ጥር ሰዎች ወጥተዋል፤ አንደኛው በልብ ወለድ፣ ሁለተኛው በእውን። በልብ ወለድ የወጣው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ባለታሪክ በዛብህ ነው። በዛብህ ለትምህርት ከማንኩሳ ባይወጣና ዲማ ባይደርስ ኖሮ ፍቅሩም መቃብሩም በቀሩ፤ መጽሐፉም ስለ አንድ ጭምት የማንኩሳ ገበሬ የእርሻ ወሬ ሆኖ ባረፈው። ሁለተኛው በዕውቀቱ ሥዩም ነው። በ2004 ዓ.ም. ከኦሎምፒኩ ጋር ተያይዞ ለንደን ላይ በተካሄደው «ፖኤትሪ ፓርናሰስ» በተባለው የዓለም ገጣሚያን ጉባኤ ኢትዮጵያን ወክሎ የተገኘው እሱ ነው። ግጥሞቹን ወደ እንግሊዝኛ በመመለስ የደከመው ክሪስ ቤኬት የሚባል፣ ልጅነቱን አዲስ አበባ ያሳለፈ እንግሊዛዊ ገጣሚ ነው። ይኸው ቤኬት ለንደን ከሚኖረው ከዓለሙ ተበጀ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 ማንቸስተር ላይ የአማርኛ ግጥሞችን መድበል በእንግሊዝኛ አሳትሟል። አሁን ነገሩን እንገልብጠው። የለንደን አድማጭ ማንኩሳን በካርታ ፈልግ ቢባል ዓመት አይበቃውም። ያ ሰው የበዕውቀቱን መጽሐፍ ገልብጦ፣ የትውልድ ቦታውን አይቶ፣ «ማንኩሳ? እስቲ እናየዋለን» ብሎ ቢያስቀምጠው ኖሮ ጎጃም ሙሉ በቁጣ ይነሣ ነበር፤ ስለ ዘረኝነት ስንት ጽሑፍ በተጻፈ! ከእንግሊዙ አንባቢ የምንጠብቀውን ጨዋነት ግን ለወለጋው፣ ለሐረሩ፣ ለሲዳማው ገጣሚ እንነፍጋለን።

የወለጋውን ያነሣሁት በዋዛ አይደለም። ቡሬ የመንገድ መገናኛ ናት፤ አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። ሰሎሞን ደሬሳ የተወለደው በዚያ በሦስተኛው መንገድ በኩል፣ ወለጋ ውስጥ ጩታ በሚባል ቦታ ነው። በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት» የተሰኘ የአማርኛ የግጥም መድበል አሳትሞ የተለመደውን የስንኝ አሠራር ሲያናጋ ብዙ አከራክሯል። ይህ ከሆነ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በርበሬውም በቆሎውም ሰዉም በዚያ መንገድ ሲመላለስ መጽሐፉ ብቻ ኬላ ላይ ቀርቷል። በነገራችን ላይ ከአምቦ አካባቢ የወጣው ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ከሐረር የወጣው ገብረ ክርስቶስ ደስታና ሰሎሞን ባይኖሩ ዘመናዊው የአማርኛ ግጥም ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። ስለዚህ «የሌሎች ድምፅ» የምንለው ከደጅ ቆሞ የሚያንኳኳ እንግዳ አይደለም፤ ቤቱን አብሮ የሠራ ሰው ነው።

እዚህ ላይ የታወቀው ተቃውሞ ይመጣል፤ «የዛሬው ግጥም ቤት አይመታም!» ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙው አይመታም። ቤት መምታት ብቻውን ግጥም የሚያደርግ ቢሆን ግን ከመነኻሪያ ረዳቶች የሚበልጥ ገጣሚ ባልኖረን፤ የከተማውን ስም፣ የቀረውን ወንበርና ዋጋውን በአንድ ትንፋሽ ገጥመው ነው የሚጠሩት። ቅኔ ቤትም ቢሆን ቤቱና ልኩ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። ሊቃውንቱን «ይበል!» የሚያሰኛቸው ምሥጢሩ ነው፤ ሰሙ ከወርቁ ጋር የተገናኘበት ብልሃት። ቤቱ እየመታ ምሥጢር የሌለው ቅኔ ያመጣ ተማሪ «ተቀመጥ» ነው የሚባለው። በዚህ ሚዛን ከተለካ ቤት የማይመታ ነገር ግን ሁለት ጊዜ የሚያሳስብ ግጥም ለዋሸራ ይቀርባል። አንድ ዐረፍተ ነገር በስምንት ቦታ ቆርጦ ወደ ታች በመደርደር ግጥም ጻፍኩ የሚለውንስ? እሱን መምህሩም አያድኑት፣ እኔም አልከራከርለትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የሚታተመው ሁሉ እንቶ ፈንቶ ነው» የሚል ነው። ማተሚያ ቤት የሚከፍል ገንዘብ ያገኘ ሁሉ መድበል ያወጣል፤ የምስጋናው ገጽ ከረጅሙ ግጥም ይረዝማል፤ መቅድሙን የጻፉለት መምህር ግጥሙን ስለማንበባቸው ምልክት የለም። ይህን ማን ይክዳል? ነገር ግን ንጽጽሩ ላይ ማጭበርበር አለ። ከድሮው የምናነሣው ሰው በቃሉ ይዞ ያቆየውን ምርጡን ነው። በየቅኔ ቤቱ በየዕለቱ የተቆጠረው፣ ታርሞ የተጣለው፣ ተማሪውን አሳፍሮ ያሳደረው ዛሬ የለም፤ ከተነገረበት ቀን አላለፈም። የዘመኑ መጥፎ ግጥም ክፉ ዕድሉ መታተሙ ነው። የብዙ መቶ ዓመት ምርጥ ከአንድ ዓመት ግርድና ምርት ጋር አቅርቦ «አየህ፣ ድሮ ይሻላል» ማለት ፍርድ አይባልም።

ስለ ሴቶቹማ ጎጃም አፍ ሊኖረው አይገባም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ በአባታቸው ወንበር ተቀምጠው ወንዱን ሁሉ ቅኔ ያስቆጥሩ ነበር። ደበሎ የለበሰ ጎረምሳ ከሴት መምህር ፊት ቆሞ ቅኔውን ሲያሳርም ክብሩ አልተነካም፤ የእሱ የልጅ ልጅ ግን የሜሮን ጌትነትን የግጥም መድበል «ዙረት»ን ከመግለጡ በፊት «ተዋናይት አይደለች እንዴ?» ይላል። በእንግሊዝኛ የሚጽፉም አሉ። ልዩ ልብሰቃል እ.ኤ.አ. በ2014 የብሩኔልን የአፍሪካ የግጥም ሽልማት አግኝታለች፤ ማህተም ሽፈራው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ለመጀመሪያ መጽሐፍ የሚሰጠውን የሲለርማን ሽልማት ወስዳለች። «ቋንቋው አይገባንም» የሚል ይኖራል። ይህ እንኳ የምር ችግር ነው፤ ተርጓሚ ይፈልጋል። ቢሆንም ቋንቋ አልገባ ብሎን ግጥም ትተን አናውቅም። ግዕዝ እናት ለልጇ የምታወራበት ቋንቋ መሆኑ ከቀረ ስንት መቶ ዓመት ሆነው፤ ሆኖም በበዓል ቀን ከቅኔ ማሕሌቱ በር የቆመው ገበሬ የደብተራውን ፊት አይቶ «ይበል!» ይላል፤ አንዳንዴም ከደብተራው ይቀድማል። ያን ያህል እምነት ለግዕዝ የሰጠ ሕዝብ ለእንግሊዝኛ ግጥም አንድ ተርጓሚና አንድ ትዕግሥት ቢሰጥ አይጎዳም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከባዱ ነው፤ «እኛ ግጥም እንሰማለን እንጂ አናነብም» የሚለው። ደቦ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ የሚወርደው ግጥም ከየትኛውም መድበል እንደሚበልጥ አምናለሁ። ጌቴ ገላዬ የምሥራቅ ጎጃም የየትኖራ ገበሬዎች ስለ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የገጠሙትን ሰብስቦ አጥንቷል፤ ጥናቱ በመጽሐፍ የወጣው በእንግሊዝኛ፣ ጀርመን አገር ነው። ልብ በሉ፤ የየትኖራ ገበሬ ድምፅ ሩቅ አገር ላለ አንባቢ «ልዩ ድምፅ» ሆኖ የደረሰው መጽሐፍ ስለሆነ ነው። በቃል ብቻ ቢሆን ከዓባይ በረሃም ባልተሻገረ። የሌላው አገር ገበሬ፣ የሌላው አገር አልቃሽ ወደ እኛ የሚመጣበትም መንገድ ያው ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ግን ራሱ አይመጣም። በእኛ ከተሞች መጽሐፍ መሸጫ የሚባለው በአብዛኛው ደብተርና እስክሪብቶ፣ የተማሪ አጋዥ መጽሐፍና የጸሎት መጽሐፍ የሚሸጥበት ነው፤ መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ እሱም ይጠፋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ማንኩሳም ሆነ ወደ ቡሬ የምትመጡ ዘመዶቻችን፣ ስኳርና ሳሙናውን እናመሰግናለን፤ ከሻንጣችሁ ጥግ ግን ሁለት የግጥም መጽሐፍ ጨምሩልን። አንደኛው የእኛው ልጅ የጻፈው ቢሆን ግድ የለም። ሁለተኛው ግን የግድ ዓባይ ማዶ የተወለደ ሰው የጻፈው ይሁን።